ፒኤችዲው «ስህተት አራሚ ኮድ» ላይ ነው፤ ልሂድ ወይስ እዚሁ ልቅር?

የሳቢያን ልጅ · እሁድ ማታ 3፡20

ሰላም ወገን። ረዘም ያለ ነው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡ።

ድሬ ተወልጄ ድሬ ያደግኩ ነኝ። 27 ዓመቴ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ፣ ማስተርሴን ጨርሼ፣ አሁን አንድ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። የማስተርስ ጽሑፌ ስህተት አራሚ ኮዶች ላይ ነበር። ኮድ ስል ፕሮግራም መጻፍ ማለቴ አይደለም። መልእክት ስትልኩ መንገድ ላይ ይበላሻል። አንዱ 0 ተገልብጦ 1 ይሆናል። ተቀባዩ «ድገምልኝ» ሳይል የተበላሸውን ራሱ አግኝቶ እንዲያቃናው፣ መልእክቱ ላይ አስቀድማችሁ በስሌት ትርፍ ነገር ትጨምራላችሁ። ጨዋታው ትንሹን ጨምሮ ብዙውን ማዳን ነው።

አሁን ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት መጣብኝ። አንደኛው አዲስ አበባ፣ ባንክ ውስጥ የሶፍትዌር ሥራ። ደሞዙ አሁን ከማገኘው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሁለተኛው ውጭ አገር ሙሉ ወጪው የተሸፈነ ፒኤችዲ፣ እዚሁ ርዕስ ላይ። አምስት ዓመት።

አባዬ ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ባቡር ላይ ነው። ነገሩን ሳስረዳው ዝም ብሎ ሰማኝና «እና አምስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የተሳሳተውን ልታርሚ ነው?» አለኝ። እማዬ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ይህ ሙያ ሰው ያኖራል ወይ? ዕድሜያቸውን እዚህ ላይ የጨረሱ ሰዎች መጨረሻቸው ምን ሆነ? ተመልሶ ድሬ መሥራትስ ይቻላል? «ህልምሽን ተከተዪ» ልትሉኝ የመጣችሁ እባካችሁ እለፉኝ።

ታይዋን ሞባይል · እሁድ ማታ 3፡41

አቦ ባንኩን ያዢ! ሦስት እጥፍ ብለሽ ደግሞ ምን ትጠይቂያለሽ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስልክ ስጠግን ነው የምውለው። ስህተት አራሚ ማለት እኔ ነኝ፤ ፒኤችዲ የሰጠኝ ግን የለም።

የሳቢያን ልጅ · እሁድ ማታ 3፡44

ሃሃ። የምትጠግነው ስልክ ውስጥ እኮ አለ። ፎቶው የሚቀመጥበት ሜሞሪ ያለዚህ ኮድ አይሠራም። ሴሎቹ እያረጁ ይሳሳታሉ፣ ኮዱ ከሥር ከሥር ያቃናል። አንተ ጋ የሚመጣው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ነው።

ጁስ ቤት ከዚራ · እሁድ ማታ 4፡02

ስለ ኮድ ካነሳችሁ አይቀር አንድ ነገር መልሱልኝ። ሒሳብ መቀበያው ላይ የለጠፍኩት የክፍያ ኪውአር አለ። መሃሉ ላይ ማንጎ ፈሰሰበት። ደረቀ፣ ቡኒ ሆነ፣ ዝንብ አረፈበት። እንዲያም ሆኖ ሁለት ወር ሠራ። ሰው እየሳቀ ይከፍልበታል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ሕፃን ጥጉን ቀደደው። አውራ ጣት የምታህል። በቃ፣ ሞተ። መሃሉ ተበላሽቶ እየሠራ ጥጉ ሲቀደድ እምቢ የሚለው ምን ሆኖ ነው?

የሳቢያን ልጅ · እሁድ ማታ 4፡15

ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ ፈተና ላይ ነው የማወጣው!

ሦስቱ ጥግ ላይ ያሉትን ትልልቅ ካሬዎች አይተሃቸዋል አይደል? እነሱ መልእክት አልያዙም። ካሜራው «ኪውአሩ እዚህ ነው፣ በዚህ በኩል ዞሯል» ብሎ የሚያገኘው በነሱ ነው። ማንጎው የፈሰሰበት መሃል ግን መልእክቱና ትርፉ ተደባልቀው የተቀመጡበት ነው። ሲሠራ ደረጃው ይመረጣል፤ ከአራቱ ዝቅተኛው 7 በመቶ ገደማ፣ ከፍተኛው 30 በመቶ ገደማ ጉዳት ይችላል። ያንተ ከፍ ያለው ሳይሆን አይቀርም። ጥጉ ሲቀደድ ግን አራሚው ሥራ ሳይጀምር ነው ነገሩ ያለቀው። ካሜራው አላገኘውማ።

በነገራችን ላይ ኪውአር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 ጃፓን ውስጥ ዴንሶ ለሚባል ድርጅት የመኪና ዕቃ መቆጣጠሪያ ተብሎ ነው የተሠራው። ፋብሪካ ውስጥ ዘይትና ቆሻሻ መች ይጠፋል። ውስጡ ያለው አራሚ ኮድ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1960 ያወጡት ሒሳብ ነው። የዚያን ጊዜ ጁስ ቤት የሚያስብ አልነበረም።

ጁስ ቤት ከዚራ · እሁድ ማታ 4፡17

34 ዓመት መሆኑ ነው። ደህና፣ አዲሱን ላሚኔት አስደርጋለሁ።

ከሩቅ · ሰኞ ንጋት 11፡30

እህቴ፣ እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፤ ለገሃሬ ነው ያደግኩት። አሁን አውሮፓ ነኝ። መስኩ ውስጥ 16 ዓመት ሆኖኛል፤ ስለዚህ የኖርኩትን ልንገርሽ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ውሎውን ላውራሽ። ጠዋት ገብቼ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። እሰርዛለሁ። ቡና። እንደገና እጽፋለሁ። ከሰዓት ተማሪዎች አሉ። ማታ እኔ ስተኛ ኮምፒውተሩ ስህተት ሲቆጥር ያድራል። ኮድሽ ከአንድ ቢሊዮን ቢት (ቢት ማለት አንዷ 0 ወይም 1 ናት) አንድ ስህተት ብቻ ያሳልፋል ብለሽ ከገመትሽ፣ መቶ ስህተት ለማየት መቶ ቢሊዮን ቢት ማሳለፍ አለብሽ። ሦስት አራት ብቻ ካየሽ ደግሞ ቁጥሩን ማንም አያምንሽም። ስለዚህ በዓለም ላይ ስህተት በቶሎ እንዲመጣለት የሚጸልይ ሰው ቢኖር አንቺ ነሽ።

ስለ መጨረሻቸው ለጠየቅሽው፦

ሃሚንግን ታውቂዋለሽ። ለሌላው አንባቢ ልንገረው። ሰውየው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም ውስጥ ይሠራ ነበር። ትልቁን ማሽን የሚያገኘው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ዓርብ ሥራውን አስገብቶ ይሄዳል። ማሽኑ ስህተት መኖሩን ያውቃል፤ የሚያስተካክለው ሰው ስለሌለ ግን ሥራውን ጥሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሰኞ ሲመጣ ምንም የለም። በሚቀጥለውም ሰኞ እንዲሁ። ተናደደ። ስህተት መኖሩን ካወቀ የት እንዳለ አውቆ ለምን አያርመውም አለ። በ1950 ያሳተመው ጽሑፍ የዚያ ንዴት ልጅ ነው። ለአራት ቢት ሦስት መቆጣጠሪያ ጨምረሽ፣ ከሰባቱ የትኛውም አንድ ቢት ቢገለበጥ ታገኚዋለሽ። በ1968 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ ሽልማት፣ የቱሪንግ ሽልማት ተሰጠው።

እዚያው መሥሪያ ቤት ክሎድ ሻነን ነበር። በ1948 ያረጋገጠው ነገር እስከዛሬ ይገርመኛል። መስመሩ የፈለገውን ያህል ቢበጠብጥ፣ ከአንድ የፍጥነት ወሰን በታች እስከላክሽ ድረስ ስህተቱን ወደ ምንም ማውረድ የሚችል ኮድ አለ። ግን ኮዱን አልሰጠም። ሻነን «አለ» አለ እንጂ «ይኸውላችሁ» አላለም። የእኛ ሙያ በሙሉ ያንን «ይኸውላችሁ» ፍለጋ ነው።

ሮበርት ጋላገር በ1960 የዶክትሬት ጽሑፉን ኤምአይቲ ሲያስገባ መልሱን በእጁ ይዞት ነበር ማለት ይቻላል። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ግን አልቻለውም። ጽሑፉ ሠላሳ ዓመት ገደማ መደርደሪያ ላይ ተኛ። በ1990ዎቹ ሌሎች እንደ አዲስ አገኙት። ዛሬ በ5ጂ ስልክ ቪዲዮ ስታዪ ዳታው የሚመጣልሽ በዚያ ቤተሰብ ኮድ ነው።

አሁን ላንቺ ብዬ ያቆየሁት። ኤርዳል አሪካን የሚባል ቱርካዊ አለ። የጋላገር ተማሪ ነበር። ዶክትሬቱን በ1985 ጨረሰ። አሜሪካ መቅረት ይችል ነበር። በ1987 ወደ አንካራ፣ ቢልኬንት ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል አንድ ጥያቄ ላይ ተቀመጠ። በ2009 ፖላር ኮድ የሚባለውን አሳተመ። የሻነንን ወሰን እንደሚደርስ በማስረጃ የተረጋገጠለት፣ በተግባርም ሊሠራ የሚችል የመጀመሪያው ኮድ ነው። በ2016 የ5ጂ መቆጣጠሪያ መስመር ላይ እንዲውል ተመረጠ። በአገሩ ቁጭ ብሎ፣ እርሳስና ወረቀት ይዞ።

የኔን ልንገርሽ ደግሞ። አራተኛ ዓመቴ ላይ ትልቅ ነገር አረጋገጥኩ ብዬ 31 ገጽ ጻፍኩ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው። ገምጋሚው ሦስት መስመር ጻፈልኝ። ገጽ 19 ላይ ያለው እኩልነት ሁልጊዜ አይሠራም። ልክ ነበር። የስህተት አራሚ ተመራማሪውን ስህተት ሌላ ሰው አረመለት። ሁለት ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም። ከዚያ ከፍርስራሹ አምስት ገጽ የምታህል ደህና ነገር ወጣች። የተመረቅኩት በሷ ነው።

ሀቁን እንነጋገር · ሰኞ ጠዋት 2፡10

ጋሼ፣ አጻጻፍህ ደስ ይላል። ግን ልጅቷን ተረት እየነገርካት ነው።

አንደኛ፣ አሪካን «በአገሩ ቁጭ ብሎ» ስትል ዶክትሬቱን ከየት እንዳመጣው ራስህ ጽፈኸዋል። ቢልኬንት ደግሞ ገንዘብ ያለው የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። ሃያ ዓመት አንድ ጥያቄ ላይ እንዲቀመጥ ያስቀመጠው ወንበር ነበረው። እኛ ጋ ማን ያስቀምጥሃል? ሁለተኛ፣ ጋላገር ተረስቶ ተገኘ። ተረስቶ የቀረውን ማን ይቆጥርልናል? እነሱ ስማቸው ስለማይታወቅ እዚህ ሊጠቀሱ አይችሉም። ሦስተኛ፣ እኔም እዚሁ ምሥራቅ ነው የማስተምረው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተርህ መቶ ቢሊዮን ቢት ቆጥሮ ሊጨርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው የሚጠፋው። ጄነሬተሩ የሚነሳው ለስብሰባ ነው።

እህቴ፣ ሂጂ አትሂጂ አልልም። ግን አምስት ዓመት ጨርሰሽ ስትመለሺ ሰኞ ጠዋት የሚጠብቅሽ መቶ ሃያ ተማሪ ያለበት የፕሮግራሚንግ መግቢያ ክፍል ነው። እያወቅሽ ግቢበት።

ከሩቅ · ሰኞ ቀን 6፡45

ወንድሜ፣ ግማሹን እቀበልሃለሁ። እንዲያውም ያላልኩትን ልጨምርልህ።

ከስድስት ዓመት በፊት ለአንድ ሴሚስተር ተመልሼ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም። የመጣሁት አንድ የማስተርስ ኮርስ ልሰጥ ነው። ስደርስ አራት ኮርስ ተሰጠኝ። የምርምር ክፍል ተብሎ የተሰጠኝ የወንበር ማከማቻ ነበር። ስምንተኛው ሳምንት ላይ ደከመኝ፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሄድኩ። ጥፋቱ የነሱ ብቻ አይደለም። እኔም ወንበሮቹን አውጥቼ መቀመጥ እችል ነበር። አልተቀመጥኩም። እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች፤ ስለዚህ ነገሩ አሁንም ይቆጨኛል።

ስለ ወንበር ያልከው እውነት ነው። የሙያው ዋናው ዕቃ እርሳስ ነው የሚለውን ግን አልተውም። ፊዚክስ ማሽን ይፈልጋል። ሕክምና ላብ ይፈልጋል። የእኛ ሐሳብ አዳማ ሆቴል ውስጥም ይመጣል፣ ባቡር ውስጥም ይመጣል። መብራት የሚፈልገው ማረጋገጫው ነው።

ፕሮፌሰር ያልሆኑትስ ካላችሁ፣ ከእኔ ጋር አምስት ነበርን። አንዱ ሀርድ ዲስክና ፍላሽ የሚሠራ ኩባንያ ገባ። አንዷ ሳተላይት ላይ ናት። አንዱ ኮዶቹን ገልብጦ ምስጢር ጠባቂ ሆነ። ይህ መንገድ በ1978 ማክኤሊስ የጀመረው ነው። ማረም የማይቻል የሚመስል ኮድ ሠርተሽ መፍቻውን አንቺ ብቻ ትይዣለሽ። በመጋቢት 2025 የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ለኳንተም ኮምፒውተር ዘመን ከመረጣቸው የምስጢር መጠበቂያ ዘዴዎች አንዱ ኮድ ላይ የተመሠረተ ነው። ኳንተም ኮምፒውተሩም ራሱ ያለ ስህተት አራሚ ዋጋ የለውም፤ አሁን ሰው በብዛት እየተቀጠረ ያለው እዚያ ነው። አምስተኛው ባንክ ገባ። ከሁላችንም ደስተኛው እሱ ነው። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ታይዋን ሞባይል · ሰኞ ቀን 7፡05

አላልኩም? ባንክ!

ማማ ላይ · ሰኞ ቀን 8፡30

የቴሌኮም ቴክኒሻን ነኝ። ሒሳቡን አላውቀውም፣ ሥራውን ግን ሳየው እውላለሁ። ማማ ለማማ የሚያገናኘው የማይክሮዌቭ መስመር ዝናብ ሲመጣ ራሱ ነው ማርሽ የሚቀይረው። ፍጥነቱን ይቀንስና ጥበቃውን ይጨምራል። ሲያባራ መልሶ ይለቃል። ከታች ያለው ደንበኛ «ኔትወርኩ ዛሬ ደከመ» ይላል። ባይደክም ኖሮ ይቋረጥ ነበር። ያንን ስሌት የሠራ ሰው አንድ ቀን ማማ ላይ ወጥቶ ቢያየው ደስ ይለኛል። የድሬን ፀሐይ ግን ኮፍያ ይዞ ይምጣ።

ጀጎል ሒሳብ · ሰኞ ማታ 1፡15

ከሐረር ነው። ሃይስኩል ሒሳብ አስተምራለሁ። ከሩቅ የጻፈው «ሻነን አለ አለ» የምትለዋ ላይ ቆምኩ። አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል። ፊደላችን ግን ሁለቱንም አንድ አድርጎ ነው የሚጽፈው። አንባቢው ከዙሪያው ቃል ነው የሚያርመው። በተቃራኒው ደግሞ ሞክሼዎቹን እዩ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። አንዱን ባንዱ ብትተኩት ሰው አይሳሳትም። አንድ ቦታ ትርፍ ያዘንባል፣ ሌላ ቦታ ይነፍጋል። ቋንቋን መሐንዲስ አልሠራውም።

ተማሪዎቼን በዚህ ነው የማስገባቸው። ሰሌዳ ላይ «በላ» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ፊደል አበላሹ እላቸዋለሁ። በራ፣ በቃ፣ በጋ፣ በዛ። ሁሉም ቃል ነው። ስለዚህ ከተሳሳታችሁ መሳሳታችሁንም አታውቁም። ከዚያ «ኮምፒውተር» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ፊደል አበላሹ። «ኮምፒውቀር»። ሁሉም ይስቃል፤ ሁሉም ትክክለኛውን ያውቃል። ልዩነቱ ምንድን ነው? «በላ» ጎረቤት በዝቶበታል። «ኮምፒውተር» ብቻውን ሜዳ ላይ ነው ያለው። ኮድ ሠሪ ማለት ቃላቱን እርስ በርስ አራርቆ የሚያሰፍር ሰው ነው።

ከዚያ ቆርኪ እናመጣለን። ልጆቹ ከየጠጅ ቤቱ፣ ከየግሮሰሪው ይለቅማሉ (አትጠይቁኝ)። አንዱ ልጅ 25 ቆርኪ አምስት በአምስት አድርጎ እንደፈለገ ይደረድራል፤ አንዳንዱ በፊቱ፣ አንዳንዱ በጀርባው። እኔ «ትንሽ ላሳምረው» ብዬ አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ እጨምራለሁ። ስጨምር በየረድፉና በየዓምዱ በፊቱ የተኛው ቆርኪ ቁጥር ለሁለት እኩል የሚካፈል እንዲሆን አድርጌ ነው። ፊቴን አዞራለሁ። አንዱን ይገለብጣሉ። ዞሬ «ይኼ ነው» እላለሁ። ክፍሉ ይጮሃል። ጎዶሎ የሆነው ረድፍና ጎዶሎ የሆነው ዓምድ የሚገናኙበት ነዋ! ምስጢሩን እስክነግራቸው አንድ ሳምንት ጠንቋይ ነኝ።

አንዴ ከኋላ የምትቀመጥ፣ የማትናገር ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ሁለት ብንገለብጥስ?» አለች። አስገለበጥኳት። ሁለት ረድፍና ሁለት ዓምድ ጎዶሎ ሆነ። መገናኛው አራት ነው፤ ጥንዱ ግን ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ተበላሽቷል ማለት እችላለሁ፣ የትኛው እንደሆነ ግን አልችልም። ልጅቷ ዝም አለች። በማግስቱ አራት ቆርኪ በአራት ማዕዘን ገልብጣ አሳየችኝ። ምንም ጎዶሎ የለም። ጨርሶ አላወቅኩም። ያን ቀን ጠንቋይዋ እሷ ነበረች።

የሳቢያን ልጅ · ሰኞ ማታ 1፡40

ጋሽዬ፣ የዚያች ልጅ ነገር ፀጉሬን አቆመው። እኔ ያንን ጥያቄ የጠየቅኩት ሦስተኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ነው።

ደረቅ ወደብ · ማክሰኞ ጠዋት 3፡00

እዚህ ድሬ ከኮንቴነር ጋር ነው የምውለው። አባትሽ የባቡር ሰው ከሆኑ ይህን ንገሪያቸው። ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴነር በር ላይ አራት ፊደልና ስድስት ቁጥር አለ። ከዚያ ለብቻዋ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ቁጥር አለች። ብዙ ሰው ጌጥ ትመስለዋለች። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ሁለት ቁጥር አቀያይሬ መዘገብኩ፤ ኮምፒውተሩ «ልክ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። በእጅ መዝገብ ቢሆን ያ ኮንቴነር የሌላ ሰው ይሆን ነበር። አንድ ሽማግሌ ትራንዚተር ነው ስሌቱን ያሳየኝ። እያንዳንዱን ቦታ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እያልክ እስከ 512 ታበዛለህ። ትደምራለህ። ለ11 ታካፍላለህ። ቀሪዋ ያቺ ቁጥር ናት። ፊደሎቹም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው።

እሷ አታርምም፤ ትጮሃለች እንጂ። መጮኋም በቂ ነው። ዞሬ በሩን አያለሁ።

የሳቢያን ልጅ · ማክሰኞ ጠዋት 3፡25

ትክክል! አንድ ቀዳዳ ግን አለባት። ለ11 ሲካፈል ቀሪው 10 ከመጣ አንድ ቦታ ላይ ስለማይጻፍ 0 ተብሎ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ 0 ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዳንድ ስህተት በዚያ በኩል ሊያመልጥ ይችላል። ለዚህ ነው ቀሪው 10 የሚመጣበትን ተራ ቁጥር ባትጠቀሙ ይሻላል የሚባለው።

ደረቅ ወደብ · ማክሰኞ ጠዋት 3፡31

ይሄው። ስንት ዓመት ስሠራበት ቀዳዳውን ያሳየኝ ሰው የለም። አንቺ ልጅ ባንክ ምን ትሠሪያለሽ?

ሀቁን እንነጋገር · ማክሰኞ ጠዋት 4፡10

ባንክ ሒሳብ ቁጥር ላይም መቆጣጠሪያ አኀዝ ይሠራል፤ ብትገቢም አይከፋም። ደሞዝ ግን ቀልድ አይደለም። ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነ በግልጽ ንገሪን፤ ያኔ ምክሩ ሌላ ነው።

የሳቢያን ልጅ · ማክሰኞ ቀን 6፡50

ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ከደሞዜ እልክለታለሁ። የፒኤችዲው አበል ከተረፈኝ ከዚያም መላክ እችላለሁ፣ ግን ከባንኩ ጋር አይወዳደርም። አልደበቅኩም፤ ያልጻፍኩት እሱ እንዳያነበው ነው። አሁን ካነበበው እንግዲህ አንብበው፣ ጥፋተኛ አይደለህም።

የሳቢያን ልጅ · ሐሙስ ማታ 2፡30

የገባችሁበት ነውና ልንገራችሁ።

ትናንት ማታ ሙቀቱ ቤት አላስገባ ሲል ከአባዬ ጋር ደጅ ወንበር አውጥተን ተቀመጥን። የኮንቴነሩን ነገር ነገርኩት። ስልኬ ላይ ፎቶ አሳየሁት። መነጽሩን አመጣ። እስክሪብቶ አመጣ። ስሌቱን በጋዜጣ ጠርዝ ላይ አብረን ሠራን። አንዴ ተሳስቶ ድጋሚ ሠራ። ሳጥኗ ውስጥ ያለችው ቁጥር ስትመጣ ሳቀ። አባዬ በቀላሉ አይስቅም።

ከዚያ ወሬው ወጣ። በወጣትነቱ ጣቢያ ለጣቢያ በስልክ የፉርጎ ቁጥር ሲቀባበሉ መስመሩ ይንጫጫ ነበር። ወዲያ ያለው ሰውዬ «ሰማሁ» ቢል አይቀበሉትም። የሰማውን ቁጥር መልሶ ማንበብ አለበት። «አምስት» እና «ስምንት» እንዳይምታቱባቸው አንዱን በፈረንሳይኛ ይሉት ነበር። ይህን ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኩት። «ማንም። አንዴ ፉርጎ ጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ነው» አለኝ።

ጀጎል ሒሳብ፣ «በላ» እና «በራ» ያልከው ትዝ አለኝ። እነ አባዬ ቃላቱን አራርቀው አስፍረዋል።

ስንገባ በር ላይ ቆመና «ክረምት ክረምት ትመጫለሽ?» አለኝ። ትኬቱ ውድ ስለሆነ በየክረምቱ አልችልም አልኩት። «ሁለት ዓመት በሁለት ዓመትስ?» አለ። እሱን እችላለሁ አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ለባንኩ ጻፍኩ። አመሰገንኳቸው። ወንድሜም አንብቦታል፤ ደውሎ ከጮኸብኝ በኋላ ግማሽ ቀን ሥራ ጀምሬያለሁ አለኝ። አላምነውም፣ አጣራለሁ።

ሀቁን እንነጋገር፣ ስለዚያ ሰኞ ጠዋት የጻፍከውን ቀድቼ ይዤዋለሁ። ከሩቅ፣ በግል መልእክት ልጻፍልህ? የምርምር ዕቅዴ ላይ ገጽ 4 ያለው ነገር ያጠራጥረኛል።

ከሩቅ · ሐሙስ ማታ 2፡52

ጻፊልኝ። ገጽ 4ን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ላኪው። ስህተቱ አንቺ የማትጠረጥሪው ገጽ ላይ ነው የሚኖረው።

ማማ ላይ · ሐሙስ ማታ 3፡05

መልካም መንገድ እህታለም። ኮፍያውን አትርሺ።

ጁስ ቤት ከዚራ · ሐሙስ ማታ 3፡20

አዲሱ ኪውአር ተለጥፏል። ላሚኔት። ሦስቱም ጥግ ላይ ፕላስተር አድርጌበታለሁ። ከመሄድሽ በፊት አባትሽን ይዘሽ ነይ፣ ስፕሪስ በእኔ ነው። እሳቸው ግን ይክፈሉ፤ ሲሠራ ይዩት።

ታይዋን ሞባይል · ሐሙስ ማታ 3፡24

በእኔ ነው ብለህ ይክፈሉ ትላለህ? አቦ!